የሃያ ብር ደረሰኝ

ከቧንቧ ውሃ በላይ፣ ከጦሳ እግር ሥር፣
ባጃጅ ዳገት ፈርቶ በሚመለስበት ሰፈር፣
ነሐሴ ሲጋመስ አንዲት ክፍል ያዝሁ፤
ፍራሼን ዘርግቼ ደብተሬን ገለጥሁ።
«ቅሬና አብሮነት በከተማ ኑሮ»
ይላል የፊት ገጹ፣ በደማቁ ተሞሽሮ።

አማካሪዬማ «አትቸኩዪ» ብሎኝ ነበር፤
«መጠየቅ ቀላል ነው፤ ይልቅ አብረሽ ኑሪ፤ እዪው ሰው እንዴት እንደሚኖር።»
እሺ አልሁ በአፌ። በቦርሳዬ ግን ነበሩ
አርባ ሁለት ጥያቄዎች፣ ተራ ይዘው የተደረደሩ።

አያ ይመር አበጋዝ፣ የቅሬው ዳኛ፣
ሠላሳ ዓመት ቦቴ የነዳ፣ የሚሌ መንገደኛ፣
ደጁ ላይ ተቀምጦ ራዲዮ ሲጠግን አገኘሁት፤
መቅጃዬን ከፍቼ የመጀመሪያውን ጠየቅሁት፦
«ለክርስቲያን ሬሳ፣ እስላሙ ጎረምሳ
ዶማ ተሸክሞ፣ ምን ብሎ ነው በሌሊት የሚነሣ?»
ጦሳን ቀና ብሎ አየ። ብሎኑን አጠበቀ።
«ድንጋይ ነው መሬቱ» አለኝ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ።
እኔም በኅዳጉ ላይ፦ «መረጃ ሰጪው ቀለደ።»

(ኋላ፣ ዶማው ከመቃብር ጫፉ ረግፎ ሲመለስ አየሁና
ያችን ቃል ሰረዝሁ፤ ጻፍሁ፣ ሰረዝሁ እንደገና።)

እንዲህ እንዲህ እያልሁ ደብተሩ ወፈረ፤
ማን ከማን ጎን ተቀመጠ፣ ማን ዝም አለ፣ ማን ተናገረ።
ድንኳኑ አንድ ነው፤ የሥጋው ድስት ሁለት፤
ሽሮው ግን የጋራ፣ ማንም የማይጠይቅበት።
ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ሰው «አለሁ» ይላል ባጭሩ፤
«አለሁ» ያላለ ይቀጣል። ይህንንም ጻፍሁ ከነዝርዝሩ።

እትዬ ዙምራ፣ ጎረቤቴ፣ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ
አንድ ቀን ጠየቀችኝ፣ አንሶላ እየጨመቀች፣ በእርጋታ፦
«እዚህ ሞት ቢያገኝሽ፣ ሸጋዋ፣ ማን ይቀብርሻል?»
ከአርባ ሁለቱ ውስጥ ይህ የለም። «እንጃ» አልሁ።
«እንጃማ አያስኬድም፤ በወር አሥር ብር ይበቃሻል።»
ከፈልሁ። ለመግባባት ያህል ነው፣ ብዬ ነበር ለራሴ፤
«የመስክ ወጪ» ከሚለው ሥር ገባች፣ ከታክሲና ከእርሳሴ።

ኅዳር። ጉሙ ሰፈሩን ውጦታል።
ጆሮዬን በማዳመጫ ደፍኜ ከመቅጃው ስገለብጥ ቃል በቃል፣
አያ ይመር ከውስጥ «ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል» ይላል።
መለስሁት። «ጡሩምባ ይነፋል።» ጻፍሁ። ነጠላ ሰረዝ አደረግሁ።
ውጭ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ጡሩምባ ሲነፋ አልሰማሁ።

ማታ ሽፋው አንኳኳ፣ የቅሬው ጸሐፊ፤ የመቃብር አፈር ከጫማው አራግፎ
ደረሰኝ ዘረጋልኝ፣ ሃያ ብር ቅጣት፣ ስሜ ከነአባቴ ተጽፎ።
«ማን ሞተ?»
«እማማ ይርገዱ። ከሰል ሻጯ።»
በእኔ ደብተር ቁጥር አሥራ ሰባት ናት፣
«ሴት፣ ስድሳ አራት ዓመት፣ ባል የሞተባት።»
በዱቤ ትሰጠኝ ነበር። ገና አልከፈልኋት።

«እኔ እኮ፣ ሽፋው... እኔ እኮ አጥኚ ነኝ፤
ልመለከት ነው የመጣሁ፤ ከተቀጪ አትቁጠሩኝ።»
ባትሪውን አብርቶ መዝገቡን ገለጠ፤ ጣቱ በስሞቹ ላይ ወረደ፣ ወረደ፤
«አጥኚ የሚል ዓምድ የለንም። ያለና የቀረ ነው ያለን።
ስምሽ ሲጠራ አፈሩ ላይ ቆመን ጠበቅን» አለና
ሃያ ብሩን ቆጥሮ ሄደ።

አሁን ምዕራፍ አራት ከአማካሪዬ ተመለሰ።
«ቅሬ አባሉን የሚያውቀው በጎደለ ጊዜ ነው» ካልሁበት መስመር ጎን
በቀይ ብዕር፦ «ምንጭ ይጠቀስ።»

ምንጭ፦ ደረሰኝ፣ ቁጥር ሦስት መቶ ስድስት፤
ሃያ ብር፤ ምክንያት፣ ከቀብር መቅረት፤
የጸሐፊው ፊርማ፤ የተቀጪዋ ፊርማ።

የከሰሉ ዕዳ ግን እንዳለ ነው። ወራሽ የላት።
ለማን ልክፈል? አልኋት ዙምራን፤
አንሶላዋን አጣጥፋ እያሰበች ነው እስካሁን።